ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪና የመንጃ ፈቃድ ታሪክ

ባለፈው ክረምት ለዘመድ ጥየቃ ወደ ጅቡቲ ከተማ ወርደን፣ ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር ጥቂት ቀናት ሰንብተን ነበር። በዚያ ወራት ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሰው ምን ዓይነት ሙቀት እንደሚጠብቀው ለአንባቢ መንገር አያሻም። ከቀኑ በስምንት ሰዓት ከቤት የሚወጣ የለም። ስለዚህ ጥላ ሥር ተቀምጦ መጨዋወት ነው። በጨዋታው መካከል ከዓመታት በፊት አስተምረነው የነበረ፣ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቱን አቋርጦ ለሥራ ወደ ወደቡ የወረደ አንድ ወጣት ሊጠይቀን መጣ። ወጣቱ በሸክም ሥራ ያጠራቀማት ጥቂት ገንዘብ ነበረችው። አሳቡም ወደ ድሬዳዋ ተመልሶ በባትሪ የምትሄድ ባለ ሦስት እግር ገዝቶ መሥራት ነው።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለን። «ሻጩ ነዳጅ ስለማትጠጣ መንጃ ፈቃድ አትጠይቅም ብሎኛል። እውነት ነው?»

በአጭሩ መልሱ፣ እውነት አይደለም የሚል ነው። ይህንኑ ነገርነው። ነገር ግን «ለምን?» ብሎ ሲከታተለን መልሱ እንዲህ አጭር አለመሆኑን ተረዳን። ከጅቡቲ ከተመለስን በኋላ ነገሩን ስናገላብጥ፣ የመንጃ ፈቃድ ታሪክ ራሱ የተጀመረው በባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ መሆኑን አገኘን። ለታሪክ መምህራንም ሆነ ለፊዚክስ መምህራን የሚጠቅም መስሎ ስለታየን እነሆ ጻፍነው። የውጭ አገሩን ዘመን እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር፣ ያገራችንን በዓመተ ምሕረት ለይተን እናመለክታለን።

ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ትናንት የተፈጠረ ነገር ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1859 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ተሞልቶ እንደገና የሚሠራውን የእርሳስ ባትሪ ፈለሰፈ። በሚያዝያ ወር 1881 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጉስታቭ ትሩቬ የተባለ የፓሪስ ሰው በባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ላይ ባትሪና ትናንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ገጥሞ በከተማው መንገድ ነዳት። በተከታዩ ዓመት ኤርተንና ፔሪ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ተመሳሳይ ባለ ሦስት ጎማ ሠሩ። ካርል ቤንዝ በቤንዚን የሚሄደውን ተሽከርካሪ በጀርመን አገር ያስመዘገበው ግን በጥር 29 ቀን 1886 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ በባትሪ የምትሄደው ባለ ሦስት እግር ከቤንዚኗ በአምስት ዓመት ትቀድማለች ማለት ነው። የቤንዝ ተሽከርካሪም ብትሆን ጎማዋ ሦስት ነበረ። ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት፣ ልክ እንደ ዛሬዋ ባጃጅ።

የቤንዝ ሞተር ጩኸትና ጭስ የማንሃይምን ከተማ ሰዎች አስቈጣ። ቤንዝም በመንገድ ላይ መንዳት እንዲችል ከባደን መንግሥት ባለ ሥልጣኖች የጽሑፍ ፈቃድ ጠየቀ። ፈቃዱም በነሐሴ 1 ቀን 1888 እ.ኤ.አ. ተሰጠው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች በዓለም የመጀመሪያው መንጃ ፈቃድ ይህ ነው ይላሉ። ልብ ማለት የሚገባን፣ ይህ ወረቀት የቤንዝን ችሎታ የሚመሰክር አልነበረም። የጎረቤት አቤቱታ ያስወጣው ወረቀት ነበር። ፈተና የለበትም። በዚያው ነሐሴ ወር ባለቤቱ በርታ ቤንዝ ባሏ ሳያውቅ ሁለት ልጆቿን አሳፍራ ከማንሃይም እስከ ፎርጽሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳች። ነዳጅ ሲያልቅባትም በቪስሎኽ ከተማ ከመድኃኒት ቤት ገዛች። ፈቃዱ በባሏ ስም ነበር፤ የረጅም ጉዞ ታሪክ የሠራችው ግን እሷ ናት።

ፈረንሳዮች በጅቡቲ ወደባቸውን መቈርቈር የጀመሩትም በዚያው በ1888 እ.ኤ.አ. ነው። መገጣጠሙ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሆኖም ወደ ጅቡቲ ለመድረስ የፈረንሳይን ሕግ ማየት ስለሚያስፈልግ በዚያው እንለፍ።

ችሎታን መርምሮ ወረቀት መስጠት የተጀመረው በፓሪስ ነው። የከተማው የፖሊስ አዛዥ በነሐሴ 14 ቀን 1893 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትእዛዝ ማንም ነጂ የችሎታ ማረጋገጫ ሳይዝ እንዳይነዳ ከለከለ። በከተማው ውስጥ ያለው የፍጥነት ወሰንም በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ሆነ። በ1898 እ.ኤ.አ. የዑዜዝ መስፍን ባለቤት የነበሩት እመቤት ይህን ወረቀት በማግኘት በፈረንሳይ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆኑ። ወዲያውም በዚያው ዓመት ከወሰን በላይ ነድተዋል ተብለው መቀጫ ከፈሉ። ወረቀት መያዝና ሕግ ማክበር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ከጥንትም የታወቀ ነው።

በመጋቢት 10 ቀን 1899 እ.ኤ.አ. ሕጉ በመላው ፈረንሳይ እንዲሠራ ተደነገገ። ፈታኞቹ የማዕድን መሥሪያ ቤት መሐንዲሶች ነበሩ። ምነው የማዕድን ሰው መኪና ነጂን ይፈትናል የሚል ተማሪ ቢነሳ መልሱ ቀላል ነው። የእንፋሎት ማሞቂያዎችን የሚመረምሩ እነዚሁ መሐንዲሶች ስለ ነበሩና ከመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ብዙዎቹ በእንፋሎት ይሄዱ ስለ ነበር ነው። እኛ «ሾፌር» የምንለውም ቃል ከዚሁ ዘመን የመጣ ነው። በፈረንሳይኛ ትርጉሙ እሳት የሚያነድ፣ ማሞቂያ የሚያሞቅ ሰው ማለት ነው። ዛሬ ምንም የማይነድባትን የባትሪ ባለ ሦስት እግር የሚነዳውንም ሰው «ሾፌር» ስንል ስለ እሳት የሚያስብ የለም። በታኅሣሥ 31 ቀን 1922 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳይ የመንገድ ሕግ ደግሞ «የችሎታ ማረጋገጫ» የሚለውን ስም ትቶ «የመንዳት ፈቃድ» አለው። በጅቡቲ ዛሬም ሰው «ፔርሚ» የሚለው ይህንኑ ቃል ነው። ያገራችን ሕግ ሁለቱንም ስሞች በአንድነት መያዙ የሚያስደንቅ ነው፤ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ይላልና።

እንግሊዞች የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። የ1903ቱ ሕጋቸው መንጃ ፈቃድን አዘዘ፤ ፈተና ግን አላዘዘም። አምስት ሽልንግ የከፈለ ሁሉ ፈቃዱን ያገኝ ነበር። ለመኪና 17 ዓመት፣ ለሞተር ብስክሌት 14 ዓመት መሙላት ብቻ ይበቃል። ፈተናው ግዴታ የሆነው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከሉ ሠላሳ ሁለት ዓመት አልፏል። ፈቃድ የገንዘብ መሰብሰቢያ ነው ወይስ የችሎታ መመዘኛ? ይህ ጥያቄ እስካሁን በየአገሩ እንዳለ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ያመጣው ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን መነሻው ይኸው የጅቡቲ ወደብ ነበር። ባቡሩ በዚያን ጊዜ ከድሬዳዋ አላለፈም፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነውና። ቤንትሊ «ሲድሊ» የተባለውን መኪና መንገድ በሌለበት በረሃና ተራራ፣ በብዙ ሥፍራ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ለዐፄ ምኒልክ አደረሰ። በዚያው ሰሞን ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሁለተኛውን መኪና አስገባ። ዐፄ ምኒልክም በነገሩ ተደስተው ተቀምጠው ሞከሩት። ያኔ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ፈታኙ መንገዱ ራሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ መኪናው በዛ፤ ሕጉም ተከተለ። በሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. የአገራችን ተሽከርካሪ ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲዛወር ተደረገ። መንጃ ፈቃዱም በደረጃ ቍጥር ይጠራ ነበር። «ሦስተኛ አለው»፣ «አምስተኛ አወጣ» የሚለው አነጋገር በጋራዥና በመናኸሪያ አካባቢ እስካሁን አልጠፋም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 600 ይህን አስቀርቶ ፈቃዱን በተሽከርካሪው ዓይነት ከፋፈለው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቍጥር 1074 ተተካ። ሁለቱም አዋጆች ከአመልካቹ የሚጠይቁት በዋናው ነገር አንድ ነው፤ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ጤንነት፣ ከማሠልጠኛ ተቋም የተገኘ ሥልጠና፣ የጽሑፍና የተግባር ፈተና። የተሽከርካሪ ሕጋችንም ባለ ሞተር ተሽከርካሪን ሲተረጉም በመካኒክም ሆነ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚንቀሳቀሰውን ይጨምራል። የራስ ዲካው ወጣት ጥያቄ በዚህ ይዘጋል። ሻጩ ሸቀጡን ሊሸጥ ፈልጎ እንጂ ሕግ አንብቦ አልተናገረም።

ባለ ሦስት እግሯ ወደ እኛ የመጣችበት መንገድ ግን በጅቡቲ ወደብ ይለፍ እንጂ ሥሩ ጣልያን አገር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፒያጆ የተባለው ኩባንያ በ1946 እ.ኤ.አ. «ቬስፓ»ን፣ በ1948 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባለ ሦስት እግሯን «አፔ»ን ሠራ። የመጀመሪያይቱ ስም ተርብ፣ የሁለተኛይቱ ንብ ማለት ነው። አንዷ ትበራለች፣ አንዷ ትሠራለች ለማለት ይመስላል። በሕንድ አገር ባጃጅ የተባለው ኩባንያ በ1959 እ.ኤ.አ. ሁለትና ሦስት እግር ያላቸውን ተሽከርካሪዎች ለመሥራት ከመንግሥቱ ፈቃድ አገኘ። የኩባንያው ስም በእኛ አገር የተሽከርካሪዋ ስም ሆኖ ቀረ። ዛሬ ሌላ ፋብሪካ የሠራትንም ሰው «ባጃጅ» ነው የሚላት።

አሁን ደግሞ ባትሪዋ መጣች። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የቀረጥና የታክስ ማቃለያ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ተገለጠ። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚመላለሰው አዲሱ ባቡርም በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ጅቡቲ ራሷ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ትገዛለች። ነዳጁ ከወደቡ ወደ ላይ ይወጣል፤ ኤሌክትሪኩ ከላይ ወደ ወደቡ ይወርዳል። የጂኦግራፊ መምህራን ይህን በካርታ ላይ ቢያሳዩት ተማሪ የማይረሳው ትምህርት ይሆናል።

ችግሩ የሚነሳው ከዚህ ላይ ነው። የመንጃ ፈቃድ ሕጎች በአብዛኛው የተጻፉት በሲሊንደር ስፋት፣ ማለትም በ«ሲሲ» እየለኩ ነው። ለምሳሌ በአውሮጳ ከ50 ሲሲ በታች የሆነ ሞተር ቀላል ተሽከርካሪ ተብሎ ቀላል ፈቃድ ይበቃዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ሲሊንደር የለውም፤ ስለዚህ ሲሲ የለውም። ሲሲው ዜሮ ከሆነ ፈቃድ የማይጠይቅ ነው የሚለው የሻጩ አመክንዮ መነሻው ይኸው ነው። አውሮጳውያን ይህን ለማቃናት መለኪያውን በኪሎ ዋት ተኩት። 50 ሲሲ ያልበለጠ ወይም 4 ኪሎ ዋት ያልበለጠ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር ያላለፈ ብለው ወሰኑ። ከጥር 19 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ለዚህ ክፍል «ኤ ኤም» የተባለ የራሱ ፈቃድ ተደረገለት። በመሠረቱ 16 ዓመት ይጠይቃል፤ ፈረንሳይ ወደ 14 ዓመት ዝቅ አድርጋዋለች። ቻይናም በ2019 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ ባዋለችው ደረጃ፣ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር፣ በክብደት ከ55 ኪሎ ግራም፣ በኃይል ከ400 ዋት ያለፈ የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንደ ሞተር ብስክሌት ተቈጥሮ ፈቃድ እንዲጠየቅበት አደረገች።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የሕንድ ታሪክ ነው። በዴልሂ ከተማ የባትሪ ባለ ሦስት እግሮች በሕግ ሳይታቀፉ፣ ያለ ሰሌዳና ያለ መንጃ ፈቃድ ብዙ ዓመት ሠሩ። የሚነዱትም ቀድሞ ሰውን በእግር ፔዳል ያመላልሱ የነበሩ ድኾች ነበሩ። በ2014 እ.ኤ.አ. ከእነዚህ ተሽከርካሪዎች አንዷ አንዲት እናት ገጭታ፣ በእቅፏ የነበረው የሦስት ዓመት ሕፃን በመንገድ ዳር ከተጣደ የፈላ የስኳር ሽሮፕ ውስጥ ወድቆ ሞተ። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በጁላይ 31 ቀን ተሽከርካሪዎቹን በሙሉ አገደ። እገዳው ብዙ ቤተሰብ ከእንጀራው ነጠለ። በጥቅምት ወር መንግሥቱ ደንብ አወጣ። የሞተሩ ኃይል ከ2000 ዋት፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር፣ ጭነቱም ከአራት ሰውና ከ40 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ፣ ነጂውም ቢያንስ አስር ቀን እንዲሠለጥንና ፈቃዱ በየሦስት ዓመቱ እንዲታደስ ተደነገገ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሕጉ ራሱ ተሻሽሎ ለእነዚህ ነጂዎች ፈቃድ ማግኛው ቀለለ።

በዚያው አገር መምህራንን በቀጥታ የሚመለከት ሌላ ነገር አለ። የሕንድ የ1989 እ.ኤ.አ. ደንብ የሕዝብ ተሽከርካሪ የሚነዳ ሰው ስምንተኛ ክፍል እንዲያጠናቅቅ ይጠይቅ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ይህ ግዴታ ተነሳ። ምክንያቱ ያልተማሩ ነገር ግን መንዳት የሚችሉ ብዙ ሰዎች ከሥራ ውጭ መሆናቸው ነው። በምትኩም ሥልጠናው እንዲጠብቅ ተባለ። በዚህ ላይ የእኛ አሳብ ከሁለት ይከፈላል። በአንድ በኩል ምልክት አንብቦ የማይረዳ ሰው ተሳፋሪ ይዞ ሲነዳ ማየት ያስፈራናል። በሌላ በኩል ደግሞ ከክፍላችን ያቋረጡትን ልጆች እናውቃቸዋለን፤ ያቋረጡት ሰነፎች ስለ ሆኑ አይደለም። የክፍል ደረጃ ሰው ማንበብ መቻሉን ያመለክት እንደ ሆነ እንጂ ሕፃን ከመንገድ ሲገባበት ምን እንደሚያደርግ አያመለክትም። በእኛ ግምት የማታ ትምህርትና የማሽከርከር ሥልጠና ቢጣመሩ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ነገሩ ቀላል ተሽከርካሪ ናትና ቀላል ጉዳይ ነው ለሚሉ አንድ ስሌት እንስጥ። ተማሪዎች ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ። ባለ ሦስት እግሯ ከነተሳፋሪዋ 600 ኪሎ ግራም ትመዝናለች እንበል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ፍጥነቷ በሰኮንድ 6.94 ሜትር ገደማ ነው። የእንቅስቃሴ ጉልበቷም የክብደቷ ግማሽ በፍጥነቷ ስኩዌር ሲባዛ 14,500 ጁል ያህል ይሆናል። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ግን በሰኮንድ 12.5 ሜትር ነውና 46,900 ጁል ገደማ ይደርሳል። ፍጥነቷ እጥፍ ሳይሞላ ጉልበቷ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ። ሕግ አውጪዎች በ25 እና በ45 መካከል ድንበር ያሰመሩት በከንቱ አይደለም። ከዚህም በላይ ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ያላት ተሽከርካሪ በመታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ ትቀርባለች። ጎማዎቿ መሬት የሚነኩባቸውን ሦስት ነጥቦች በሥዕል አገናኝተን የስበት ማዕከሏን በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ብናመለክት፣ በኃይል ስትታጠፍ ለምን ወደ ጎን እንደምትወድቅ ለተማሪው ግልጥ ይሆንለታል።

የኤሌክትሪኳ ደግሞ ሁለት የተለዩ ጠባዮች አሏት። አንደኛ፣ ሞተሩ ከቆመበት ሲነሳ ወዲያው ሙሉ የማዞር ኃይሉን ይሰጣል። ፍሪሲዮን የለም፣ ማርሽ የለም፤ እጀታውን ጠምዘዝ ማድረግ ነው። ለማስተማር እንደሚቀል ሁሉ ላልተማረ ሰው ታስቸኩላለች። የቀድሞው ፈተና ማርሽ ሲያስለውጥ፣ ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ሲያስነሳ የነጂውን እጅና እግር ይመዝን ነበር። ይህ በሌለበት ፈታኙ የሚመዝነው የነጂውን ዓይንና ትዕግሥት መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ድምፅ የላትም። በአውሮጳ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሞዴሎች ቀስ ብለው ሲሄዱ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ ታዘዋል፤ ሕጉ ግን ባለ ሦስት እግሮቹን አልጨመረም። የእኛ ተማሪ ደግሞ መንገድ የሚያቋርጠው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። ከትምህርት ቤት በር ወጥቶ ደብተሩን ይዞ እየተጫወተ ይሄዳል፤ የሞተር ድምፅ ካልሰማ መንገዱ ባዶ ይመስለዋል። በትምህርት ቤታችን በር አንድ ቀን እንዲህ ያለች ተሽከርካሪ ከአንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ አንድ ክንድ ርቃ ስትቆም አይተናል። ልጁ የሰማው የፍሬኑን ሲጥታ ብቻ ነበር። ነጂውም ወርዶ ልጁን አቅፎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዕድሜው ከልጁ በብዙ የሚበልጥ አይመስልም።

ይህን ሁሉ ለራስ ዲካው ወጣት ያን ዕለት አልነገርነውም። ነገር ግን ገንዘቡን ለሻጩ ሳይሰጥ በፊት ድሬዳዋ ሲደርስ ወደ መንጃ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ለባለ ሦስት እግር የሚጠየቀውን ዕድሜና የክፍል ደረጃ በጽሑፍ እንዲያይ፣ የተሽከርካሪዋም ሞተር ስንት ዋት እንደ ሆነና ሰሌዳ ሊወጣላት እንደሚችል ከሰነዷ ላይ እንዲያረጋግጥ መከርነው። ዝም ብሎ አዳመጠንና «ፈተናው በጽሑፍ ነው?» አለ።

«አዎን፣ በጽሑፍም አለው» አልነው።

ጥቂት አሰበና የስምንተኛ ክፍል ደብተሮቹ እናቱ ቤት ሳይኖሩ እንደማይቀሩ ነገረን። በማግስቱ ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ካርቶን ላይ የመንገድ ምልክቶችን በእስክሪብቶ እየሳልንለት ስማቸውን ይነግረን ጀመር። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱን ያውቅ ነበር። ቅድሚያ ስጥ የሚለውን ሦስት ማዕዘን ሁለት ጊዜ ሳተው።